የእግር ጕልበትና የክንድ ጕልበት

ሀዲያ ሆሳዕና የተባለው የእግር ኳስ ቡድን በሚጫወትበት ቀን በሆሳዕና ከተማ ሌላ ወሬ አይሰማም። ግጥሚያው በሩቅ ከተማ ቢሆን እንኳ በገበያው፥ በሻይ ቤቱ፥ በትምህርት ቤቱም ደጅ የሚነገረው ማን ኳስ እንዳገባና ማን እንደ ሳተ ነው። ይህ ቡድን በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ተጫወተ፤ ይህም ሊግ በአገሪቱ ካሉት የኳስ ውድድሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በከምባታም የዱራሜ ሰዎች ሀምበሪቾ የሚባለው ቡድናቸው በ2016 ዓ.ም. በዚያው ሊግ ሲጫወት አይተዋል። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች ያለ ልጅ ብርቱ ሰው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ኳስ ተጫዋች ነው።

ልጆች በዕረፍት ጊዜ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አላቸው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ክርናቸውን በጠረጴዛ ላይ አስደግፈው፥ መዳፍ ለመዳፍ ተያይዘው፥ አንዱ የሌላውን ክንድ ወደ ጠረጴዛው ለመጣል ይታገላል። ይህ የክንድ ትግል ይባላል። በዚህ ጊዜም አንድ ክርክር ይነሣል። «ኳስ ተጫዋቾቹ በዚህ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ማን ያሸንፋቸዋል?» ይባባላሉ፤ ብዙዎቹም «ማንም አያሸንፋቸውም» ይላሉ። ይህ ነገር ግን መመርመር ይገባዋል፤ ጕልበት አንድ ነገር መስሎ ይታያል እንጂ አንድ አይደለምና።

የሰው ሰውነት የሚንቀሳቀሰው በጡንቻ ነው። ጡንቻ በጅማት ከዐጥንት ጋራ የተያያዘ ሥጋ ነው፤ ሲሠራ ያጥራል፥ ባጠረም ጊዜ ዐጥንቱን ይስበዋል። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ስለዚህ በክንድ ላይ በሁለት ወገን ጡንቻ አለ፤ በፊት በኩል ያለው ክርንን ያጥፋል፥ በኋላ በኩል ያለው ይዘረጋዋል። ግራ እጁን በቀኝ ክንዱ ላይ አድርጎ ቀኝ ክርኑን ያጠፈ ልጅ፥ ጡንቻው ከመዳፉ በታች ሲያብጥ ይሰማዋል።

ጡንቻ የሚጠነክረው በተሠራበት ሥራ ነው። በየቀኑ የሚሠራ ይወፍራል፥ ሥራ የፈታም ይሳሳል። እግሩ ተሰብሮ ለብዙ ሳምንት የታሰረ ሰው፥ ማሰሪያው በተፈታ ጊዜ ያ እግሩ ከሌላው እግሩ ቀጥኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው። እንግዲህ አንድን ሰው ብርቱ ነው ከማለት በፊት «በምን ሥራ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የእግር ኳስ ግጥሚያ 90 ደቂቃ ነው። በትልቅ ግጥሚያ የሚጫወት ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አብዛኛውን በእርምጃና በሶምሶማ፥ ጥቂቱንም በሙሉ ሩጫ። ይህ ሁሉ የጭንና የባት፥ የልብና የሳንባ ሥራ ነው። የከምባታ ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ወደ ሀምበሪቾ ተራራ ጫፍ የሚያደርሱትን 777 ደረጃዎች የወጣ ሰው፥ ጭኑ ሲቃጠል ትንፋሹም ሲቆራረጥ፥ ክንዱ ግን ምንም እንዳልሆነ ያውቃል። በማግሥቱም የሚያመው ባቱ ነው እንጂ ክርኑ አይደለም።

የኳስ ሕግ ራሱ ክንድን ያሳርፋል። በ1856 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ሕጉ በተጻፈ ጊዜ ኳስን በእጅ ይዞ መሮጥ ተከለከለ፤ ከዚያም ወዲህ ክልከላው እየጠበቀ ሄደ። ዛሬ ከአንድ ቡድን 11 ተጫዋቾች መካከል ጨዋታው ሳይቆም ኳስን በእጁ ሊይዝ የሚችል በረኛው ብቻ ነው፤ እርሱም በተሰመረለት ስፍራ ውስጥ ነው። የቀሩት ዐሥሩ እጃቸውን የሚሠሩበት ኳሱ ከዳር ወጥቶ በሚወረወርበት ጊዜ ነው፤ ያንጊዜም በሁለት እጅ፥ ከራስ ኋላ አንሥቶ በራስ ላይ አሳልፎ መወርወር ግዴታ ነው። እንግዲህ ከቡድኑ አንድ ሰው ለክንድ ትግል ይመረጥ ቢባል፥ ልጆች ስሙን እየጠሩ የሚያጨበጭቡለትን ኳስ አግቢ ከመምረጥ በረኛውን መምረጥ ይሻላል። እርግጥ በዚህ ዘመን ተጫዋቾች ሁሉ ብረት እያነሡ ትከሻቸውንና ደረታቸውን ያጠነክራሉ። ቢሆንም ይህን የሚያደርጉት በሩጫ ጊዜ ባላጋራ ሲገፋቸው እንዳይወድቁ ነው፤ የሰውን መዳፍ ይዞ መጣል ሌላ ሙያ ነው።

በአሜሪካ ግን እግር ኳስ የሚሉት ሌላ ጨዋታ ነው። ስሙ በእግር ይጠራ እንጂ ኳሱ እንደ ዕንቁላል ሞላላ ነው፥ በእጅም ይያዛል፥ በእጅም ይወረወራል። በፊተኛው መስመር የሚቆሙት ሰዎች እጅግ ግዙፋን ናቸው፤ ሥራቸውም በእጃቸውና በክንዳቸው ባላጋራን መግፋትና ማገድ ነው። እነዚህ ተጫዋቾች በክንድ ትግል ሊወዳደሩ ቢነሡ አያስደንቅም፤ በእውነትም ተወዳድረዋል። ኤድ ዋይት የሚባል ሰው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1969 እስከ 1985 መጀመሪያ ለሚኒሶታ ቫይኪንግስ ኋላም ለሳን ዲዬጎ ቻርጀርስ የተጫወተ፥ በተጫዋቾች መካከል በተደረገው የክንድ ትግል አሸናፊ ሆኖ ነበር። የዕለት ተግባሩ በመስመር ላይ ሆኖ ማገድ ነበረ። በሜዳ የሠራበት ክንድ በጠረጴዛም ላይ አገለገለው ማለት ነው።

በዚያው አገር በካሊፎርኒያ ክፍል ፔታሉማ የምትባል ከተማ አለች። በ1952 በፈረንጆች አቆጣጠር በአንድ መጠጥ ቤት የተጀመረው የክንድ ትግል በ1962 የዓለም ውድድር ተብሎ ተጠራ። ከብዙ ዓመት ጀምሮ ጣቱንና የእጁን አንጓ ሲያለማምድ የኖረ ሰው ወደ እንዲህ ያለው ውድድር ሲመጣ፥ ኳስ በመጫወት ብቻ የተመካ ሰው በፊቱ እንደ ጀማሪ ነው።

የሀዲያና የከምባታ ልጅ ግን ብርቱ ክንድ ለማየት አሜሪካ መድረስ የለበትም፤ ወደ ጓሮው ይመልከት። እንሰት በሚፋቅበት ጊዜ እናቶች መሬት ላይ ተቀምጠው፥ ከግንዱ የተላጠውን ወፍራም ቅጠል በተጋደመ ሳንቃ ላይ ዘርግተው፥ አንዱን ጫፍ በእግራቸው ረግጠው ይይዛሉ። ከዚያም በቀርከሃ ፍላጭ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። ለቆጮ የሚሆነው ነጩ ክፍል ወደ ታች ይወርዳል፥ ቃጫውም በሳንቃው ላይ ይቀራል። ሥሩንም በጥርሳም እንጨት ያደቅቁታል። ይህን ከማለዳ እስከ ቀትር፥ ከቀትርም እስከ ማታ ይሠራሉ፤ በነጋውም ይደግማሉ። ፍላጩን አጥብቆ የሚይዘው ጣት፥ የሚመልሰውና የሚያወርደው ክንድ፥ የሚጫነውም ትከሻ በጠረጴዛ ላይ ለሚደረገው ትግል የሚያስፈልጉት ናቸው። አንድ ኳስ አግቢ እንዲህ ካለች እናት ጋራ መዳፍ ለመዳፍ ቢያያዝ፥ ከመጀመሩ በፊት በድሉ ባይተማመን ይሻለዋል። ለኳስ ግን ከተማው ሁሉ ይጮኻል፤ ለእንሰት ፋቂ የሚያጨበጭብ የለም፥ ቆጮውን ግን ሁሉ ይበላል።

አሁን ደግሞ በክንድ ትግል ጕልበት ብቻ የማይበቃበት ምክንያት ይታይ። ትልቅ ድንጋይ በእንጨት የሚፈነቅል ሰው እንጨቱን ከጫፉ ይይዛል፤ ከድንጋዩ አጠገብ ቢይዝ ድንጋዩ አይነቃነቅም። ክንድም እንዲሁ ነው፤ ክርን መደገፊያው፥ መዳፍ ጫፉ ነው። በውሃ የተሞላ ጣሳ በደረት አጠገብ ሲያዝ አይከብድም፤ እጅን ዘርግተው ቢይዙት ግን ወዲያው ይከብዳል። አዋቂ ታጋይ ይህን ስለሚያውቅ በመጀመሪያ የባላጋራውን አንጓ ወደ ኋላ ያጥፋል፥ ቀጥሎም እጁን ወደ ራሱ ይስባል። የተሳበው ሰው ክንዱ ይዘረጋል፥ መዳፉም ከትከሻው ይርቃል፥ ጕልበቱም ያንሳል። ከዚያ በኋላ አዋቂው በሰውነቱ ክብደት ይጫነዋል። ወፍራሙ ክንድ በቀጭኑ ሲጣል የሚታየው በዚህ ዘዴ ነው።

በሥርዓት የሚደረገው ውድድር ብዙ ሕግ አለው። ጠረጴዛው ክርን የሚያርፍበት መከዳ፥ ነጻው እጅም የሚጨብጠው የቆመ ብረት አለው። ሁለት ዳኞች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ዳኛ ሳያዝ የጀመረ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፥ ክርኑን ከመከዳው ያነሣም ጥፋት ይቆጠርበታል፤ ጥፋቱን የደገመ ይሸነፋል። መዳፋቸው ቢላቀቅ እጃቸው በጠፍር ይታሰራል። ታጋዮቹም በክብደታቸው ይመደባሉ። በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ግን ዳኛም ክብደትም የለም፤ የ15 ዓመቱ ልጅ ከ11 ዓመቱ ጋራ ይታገላል፥ አንዱ ክርኑን ያነሣል፥ ሌላው ገና ሳይዘጋጅ ይጣላል፥ የተሸነፈውም ይሳደባል። ጨዋታው ጠብ የሚሆነው በዚህ ነው።

ከጠቡ የሚከፋ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በክንድ ትግል ዐጥንት ይሰበራል። ታጋዩ ሊሸነፍ ሲል ፊቱንና ደረቱን ወደ ሌላ ወገን ያዞራል፤ ሰውነቱ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ክንዱ በባላጋራው እጅ ተይዞ ወደ ኋላ ይቀራል። የትከሻውና የደረቱ ጡንቻ ዐጥንቱን ወደ ውስጥ ይጠመዝዘዋል፥ ባላጋራውም ወደ ውጭ ይጠመዝዘዋል። በዚህ ጊዜ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው ዐጥንት እንደሚጨመቅ ልብስ ይሆናል፤ ሲሰበርም በአጠገቡ ያለ ሁሉ ድምፁን ይሰማል። ይህ በደካማ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ ጡንቻቸው ከዐጥንታቸው የበለጠባቸው ብርቱ ጐልማሶችም ተሰብረዋል። ስለዚህ የሚታገል ሰው ዐይኑን ከተያያዙት እጆች አያንሣ፤ ደረቱንም ከእጁ ትይዩ አያርቅ። ክንዱ ከሰውነቱ ወደ ውጭ ከተጠመዘዘ «ተሸነፍሁ» ብሎ ይልቀቅ።

የልጆች ክንድ ደግሞ በሌላ ስፍራ ይጎዳል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ በክርኑ በውስጥ ወገን፥ ዐጥንቱ የሚያድግበት ገና ያልጠነከረ ክፍል አለው። አንጓን የሚያጥፈው ጡንቻ የሚነሣው ከዚያ ነው። በትግል ጊዜ ጡንቻው በኀይል በሳበ ጊዜ ያን ክፍል ከዐጥንቱ ይገነጥለዋል። ይህ በተለይ ከ13 እስከ 16 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ይታያል፤ ልጆችም ጕልበታቸውን ለማሳየት እጅግ የሚጓጉት በዚህ ዕድሜ ነው።

ክንዱ የተሰበረ ልጅ ሕመሙን ከአባቱና ከእናቱ ይሸሽጋል፤ ሲጫወት መጎዳቱ ያስፈራዋልና። መሸሸግ ግን ጉዳቱን ያብሳል። የተሰበረ ክንድ አይታሽ፥ አይጎተት። በተገኘበት ሁኔታ በጨርቅ ከአንገት ላይ ይንጠልጠል፥ ልጁም ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። በሆሳዕና በንግሥት እሌኒ ስም የተጠራ ሆስፒታል አለ፤ እሌኒም በ15ኛው መቶ ዓመት ከሀዲያ ወጥተው የኢትዮጵያ ንግሥት የሆኑ ናቸው። ሐኪም በራጅ አይቶ ዐጥንቱ ከስፍራው መውጣቱን ወይም አለመውጣቱን ያውቃል፤ ይህን በእጅ ዳብሶ ብቻ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

በየቀበሌው ወጌሻ አለ፥ ሰውም ወደ እርሱ ይሄዳል። ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ ቢያስር፥ ክንዱ ከታሰረ በኋላ ስለሚያብጥ ማሰሪያው ደሙን ያግደዋል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል። ስብራቱ ሊድን ሲችል ከማሰሪያው የተነሣ እጃቸው የተቈረጠ ልጆች በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ታይተዋል። ስለዚህ ክንዱ የታሰረ ልጅ በቤት ካለ፥ ጣቶቹ በየሰዓቱ ይታዩ፤ በሌሊትም ሕመሙ ቢብስ ይታዩ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፥ ከጠቈሩ ወይም ከደነዘዙ፥ ማሰሪያው ሳይነጋ ይፈታ፥ ልጁም ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።