«ሆዷን ልታስቆርጥ ነው አሉ»

ልጅ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ሲመርጥ ቤተሰብ ምን ይበል?

በእኛ ዘንድ ስለ ውፍረት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ምስጋና ነው። ከዓመት በኋላ ያገኘነውን ዘመድ «ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል ማለት ነው» እንለዋለን። ከስቶ ካየነው ደግሞ «ምን ነካህ? አመመህ እንዴ?» ብለን እንደነግጣለን። ክሳት የችግር ወይም የበሽታ ምልክት ሆኖ ስለኖረ ነው።

እኔ በዋግ ኽምራ፣ በፃግብጂና በሰቆጣ ዙሪያ በነርስነት ስሠራ የኖርኩት የከሱ ሕፃናትን ክንድ ስለካ ነው። መለኪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲያሳይ ሕፃኑ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከዋግ ተነስተው በእግራቸው ኮረም መጠለያ የደረሱት ወጣቶች ዛሬ አያቶች ናቸው። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ውል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በከተማችን ስም የተጠራውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ወዲህ እንኳ ጦርነትና ድርቅ ተከታትለውብናል፤ ከፃግብጂ ተፈናቅለው ሰቆጣ የተጠለሉትን ሁላችንም እናስታውሳለን።

እንዲህ ባለ አገር ላይ ለሚኖር ወላጅ ልጁ ከባሕር ማዶ ደውሎ «ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዬን ቀዶ ሕክምና ላደርግ ነው» ቢለው ምን ይሰማዋል? ይህ ጥያቄ ወደ እኔ የመጣው በገዛ ታላቅ እህቴ በኩል ነው። ልጇ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። እህቴ ከፃግብጂ ደወለችልኝ።

«አንቺ፣ ልጄ ምን ነካት? እኛ የምንበላው ሲጠፋ ኖረን፣ እሷ የምትበላበትን ሆድ ልታስቆርጥ ነው አሉ!»

«እትዬ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራሽ የቱ ነው?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «በሰው አገር አፈር ሳላለብሳት ብትቀርብኝስ?»

ቁጣው የፍርሃቱ መሸፈኛ ነበር። በሥራ ዘመኔም ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። ሕክምና የሚቃወም ዘመድ መጀመሪያ የሚናገረው ነገርና የሚያስጨንቀው ነገር አንድ አይደሉም። ስለዚህ ለተቃውሞው መልስ ከመስጠት በፊት ፍርሃቱን መጠየቅ ይቀድማል።

ጨጓራ እንጂ ሆድ አይደለም

በአማርኛ «ሆድ» ብዙ ነገር ነው። ጨጓራም አንጀትም ማኅፀንም «ሆድ» ውስጥ ናቸው። እህቴም መውለድ ትችል እንደሆነ ደጋግማ የጠየቀችኝ ለዚህ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ማኅፀንን አይነካም።

ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው ከጨጓራ ውስጥ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና ቀሪው እንደ እጅጌ ጠባብ ሆኖ ይቀራል። በሁለተኛው የጨጓራው ጫፍ እንደ ትንሽ ከረጢት ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይያያዛል። ሁለቱም ዛሬ በአብዛኛው የሚሠሩት ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ ነው። ሰውየው ጥቂት በልቶ ይጠግባል፤ ረሃብን የሚቀሰቅሱና ጥጋብን የሚያሳውቁ ሆርሞኖችም ይለወጣሉ። ሕክምናው አዲስ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ሁለተኛውን ዓይነት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው።

ለማን ነው? ሐኪሞች ክብደትን በኪሎ ይወስዱና ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝተው ያካፍሉታል። የእህቴ ልጅ ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 105 ኪሎ ነበር፤ ውጤቱ 41 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የወጣው መመሪያ ቀዶ ሕክምናውን የፈቀደው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ወይም 35 ደርሰው እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ በሽታ ላለባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት ልኩን ዝቅ አድርገው ከ35 ጀምሮ ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርም ይመክራሉ። የእህቴ ልጅ የስኳር በሽታ ነበረባት፤ ሌሊት በእንቅልፏ ትንፋሿ ይቋረጥ ነበር። እናቷ ይህንን አታውቅም። ልጅ እናቱን ላለማስጨነቅ በሽታውን ይደብቃል፤ እናት ደግሞ በሽታውን ስለማታውቅ መድኃኒቱን ቅብጠት ትለዋለች።

አገር ቤትም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው በ1992 ዓ.ም. 3 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 በመቶ ደርሰዋል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 22ቱ ደግሞ ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። ሁለቱም ችግር በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አለ።

ሦስት ዓይነት ጥርጣሬ

ቤተሰብ የሚያነሳው ጥርጣሬ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ አይፈልግም። እኔ በሦስት እከፍለዋለሁ።

አንደኛው የፍርሃት ጥርጣሬ ነው። «ብትሞትስ?» «ባትወልድስ?» የሚል ሰው እውነተኛ መልስ ይገባዋል። «ምንም የለውም» ብሎ ማባበል አይጠቅምም። ቀዶ ሕክምና ሁሉ አደጋ አለው። ጥሩ ልምድ ባላቸው ማዕከላት በመጀመሪያው ወር የሚሞተው ከ1,000 ሰው ከ1 እስከ 3 ገደማ ነው፤ ደም መፍሰስ፣ የስፌት መክፈትና በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋትም ሊያጋጥም ይችላል። በሌላ በኩል ሳይታከሙ መቅረትም የራሱ አደጋ አለው። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ጥናት ከ4,000 በላይ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ቀዶ ሕክምናውን ካደረጉት መካከል የሞቱት ካላደረጉት ያነሱ ነበሩ። መውለድን በተመለከተ ክብደት ሲቀንስ የማርገዝ ዕድል ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ ሆኖም ሐኪሞች ከ12 እስከ 18 ወር እንድትቆይ ይመክራሉ።

ሁለተኛው የፍርድ ጥርጣሬ ነው። «አፏን ብትዘጋ ይበቃት ነበር» ይላሉ። ይህ ስለ ሰውነት አሠራር ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ብዙ የወፈረ ሰው ምግብ ቀንሶ ሲከሳ ሰውነቱ እንደ ድርቅ ይቆጥረዋል፤ ረሃቡ ይጨምራል፣ የሚያቃጥለው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙዎች የቀነሱትን መልሰው ይጨምራሉ። «አሁን መርፌ አለ አይደል?» የሚሉም አሉ። አለ፤ ለብዙዎችም ይሠራል። ግን ሲቆም ክብደቱ በአብዛኛው ይመለሳል፤ ዋጋውም ሁሉ ሰው የሚችለው አይደለም። የትኛው እንደሚሻል ከሐኪሙ ጋር የሚወሰን ነው። ለፍርድ ጥርጣሬ አጭር መልስ ይበቃል፤ ክርክር ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ሦስተኛው የወሬ ጥርጣሬ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ፣ ገበያ ላይ «የእከሊት ልጅ እንዲህ ሆና ሞተች» የሚል ሰው አይጠፋም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው ነው። ለዚህ መልስ የለም። እናት ሆይ፣ የልጅሽን የሕክምና ምስጢር ለጎረቤት ማስረዳት ግዴታሽ አይደለም። «ሐኪም እየተከታተላት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ ወሬውን ቀይሪ።

የእናት ጥያቄ ትክክል ሲሆን

ጥርጣሬ ሁሉ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። ከእህቴ ጋር ሦስታችንም በስልክ በተገናኘንበት ቀን እህቴ የሚያስፈራትን አንድ በአንድ ለልጇ አወረደች። የመጨረሻው ጥያቄዋ ቀላል ነበር። «ተኝተሽ ስትነሺ ማን ነው ውሃ የሚያቀብልሽ?»

ልጅቱ መልስ አልነበራትም። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ወጪው ሁሉ አጥንታ ነበር፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ስለሚያስታምማት ሰው ግን አላሰበችም። በእናቷ ጥያቄ ምክንያት በቤተ ክርስቲያን የምታውቃት ሴት አሥር ቀን አብራት እንድታድር ተስማሙ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽና ለስላሳ ምግብ ብቻ ነበር የሚፈቀድላት። ታስመልስም ነበር። ያች ሴት ባትኖር ከባድ ይሆን ነበር። እህቴም ከዚያ በኋላ መቃወሟን ትታ ማስታመም ጀመረች፤ በየማታው እየደወለች «ውሃ ጠጣሽ?» ትላት ነበር።

ለዚህ ነው ለወላጆች የምመክረው፦ ፍርሃታችሁን ወደ ጥያቄ ለውጡት። ሐኪምሽ ምን ያህል ሰው ሠርቷል? ችግር ቢፈጠር ሌሊት ማን ጋ ትደውያለሽ? ከሕክምናው በኋላ ክትትሉ ለስንት ዓመት ነው? በተለይ ለሕክምና ወደ ሌላ አገር በርረው በሳምንት ለሚመለሱ ሰዎች የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው። ክትትሉ ዕድሜ ልክ ነውና። ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሳይቋረጡ መወሰድ አለባቸው። ማስመለስ ሲበዛ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 ጎድሎ ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ለልጆችም አንድ ነገር ልበል። ለሁሉም ሰው መንገር የለባችሁም። የምታምኗቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ምረጡ። ለእነሱ ግን በሽታችሁን ሳትደብቁ ተናገሩ። «ለመቆንጀት አይደለም፤ ስኳሩና ትንፋሼ እያሰጉኝ ነው፤ ከሐኪም ጋር መክሬ ወስኛለሁ፤ ጸልዩልኝ» ብትሉ ብዙ ክርክር ይቀራል።

ማዕድና ጾም

ትልቁ ፈተና የሚመጣው ከሕክምናው በኋላ፣ ማዕድ ላይ ነው። እኛ ፍቅራችንን የምንገልጸው በማብላት ነው። የታከመው ልጅ ለጥየቃ ሲመጣ ፍየል ይታረዳል፣ የሰቆጣ ማር ይቀርባል፣ «አፈር ስሆን ይቺን ብቻ» እየተባለ ጉርሻ ይከታተላል። ጨጓራው ለጠበበ ሰው አንድ ያለ ልክ የሆነ ጉርሻ ሕመምና ማስመለስ ያመጣል። ማርና ብርዝ፣ በተለይ አንጀቱ ለተያያዘ ሰው፣ ልብ ምት ማፍጠን፣ ላብና ማዞር ሊያስከትሉ ይችላሉ። ጠላና አረቄም ከበፊቱ ቶሎ ያሰክራሉ። ልጁ በትንሽ ሳህን፣ በዝግታ፣ ሥጋውን ወይም ምስሩን አስቀድሞ ይብላ። እምቢ ሲል ፍቅራችንን እንደናቀ አንቁጠርበት።

ጾምም አለ። ከሰዓት በኋላ ድረስ ምግብና ውሃ ሳይቀምሱ መቆየት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ለእንዲህ ያለ ታካሚ አደጋ ነው፤ ጥቂት በጥቂት ቀኑን ሙሉ መጠጣት አለበት። የፍስክ ምግብ ሲቀር ፕሮቲን እንዳይጎድል ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ በርከት ይበሉ። ፀበል የሚጠጣም በባዶ ሆድ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይጠጣ። ለታመመ ሰው ሥርዓት አለና ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር መመካከር ነው። ሁለቱን የሚያጣላ ነገር የለም።

የእህቴ ልጅ ከ14 ወር በኋላ 72 ኪሎ ሆናለች። የስኳር መድኃኒቷን ሐኪሟ አቁሞላታል፤ ምርመራው ግን ይቀጥላል። መንገዱ ሁሉ ቀና አልነበረም። በአራተኛው ወር ፀጉሯ ሲረግፍ እናቷ በስልክ ምስል አይታ «አላልኳችሁም?» ብላ አለቀሰች። ይህ ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሚያጋጥም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም መልሶ ያድጋል፤ የእሷም አድጓል። እህቴ አሁንም ምስሏን ባየች ቁጥር «ከሳሽብኝ» ትላለች። እርም ብላ የምትተወው አይመስለኝም። ልጅቱ ግን አትከፋም፤ «እማዬ፣ ውሃዬን ጠጥቻለሁ» ትላታለች።

ውድ ወላጆች፣ በረሃብ ዘመን ያደገ ሰው የልጁን መክሳት በደስታ እንዲቀበል ማንም አይጠብቅበትም። ውሳኔው ግን አካለ መጠን የደረሰው ልጅና የሐኪሙ ነው። ነገ ልጃችሁ ቢደውልላችሁ «አብደሻል?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ብሎሻል ሐኪሙ?» በሉ፤ ከዚያም የሚያስታምመው ሰው መኖሩን አረጋግጡ።