ውስጡን ለቄስ የተባለለት ሳጥን

የቤትን ቴሌቪዥን ከሩቅ ሀገር ስለማየት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ምስሉ ነው፤ ስለ ጥራቱ፣ ስለ መቆራረጡ፣ ስለ ኢንተርኔቱ ጉልበት። በዋሽንግተን ዙሪያ ዲሽና ሪሲቨር ስንገጥም የኖርን ሰዎች እርስ በርስ ስንገናኝ የምናነሳው ግን ሪሞቱን ነው። ምስል መላክ የሥራው ቀላል ክፍል ነበር። ከባዱ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ሜሪላንድ ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ሪሲቨር ቻናል እንዲቀይርለት ማድረግ ነው። ይህን ነገር ተራው ሰው ቤት በሰፊው ያስገባው ስሊንግቦክስ ነበር። ስለዚህ ሳጥን ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈውን፣ እኛ ገጣሚዎች ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንነጋገረውን ላውጋችሁ።

የጀመሩት ብሌክና ጄሰን ክሪኮሪያን የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ማቴዮ ከተማ። የሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ የቤዝቦል ቡድን ደጋፊዎች ነበሩና ለሥራ ሲጓዙ ጨዋታው ያመልጣቸው ነበር። ለኬብሉ ቤታቸው በየወሩ ይከፍላሉ፤ ሆቴል ሲገቡ ግን የከፈሉበትን ማየት አይችሉም። ስሊንግ ሚዲያን አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ2005 ሰኔ ላይ ሳጥኑን በ250 ዶላር ገደማ ገበያ አወጡት። ወርሃዊ ክፍያ አልነበረውም። ከሪሲቨሩ ጀርባ ምስሉን ይቀበላል፣ ይጨምቀዋል፣ በቤቱ ኢንተርኔት አድርጎ ለባለቤቱ ይልከዋል። በአንድ ጊዜ ለአንድ ተመልካች ብቻ።

ይህች የአንድ ሰው ገደብ ብዙ ደንበኛ ያናደደች ብትሆንም ለሕግ ክርክሩ መከታ ነበረች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 በሶኒ ቤታማክስ ጉዳይ፣ ሰው ለራሱ ቀድቶ በሌላ ሰዓት ቢያይ ጥፋት አይደለም ብሎ ነበር። የስሊንግ ሰዎች ይህንኑ ይዘው፣ ሰዓቱን መቀየር ከተፈቀደ ቦታውን መቀየርስ ምን ይለያል ብለው ተከራከሩ። ሳጥኑ የተቀመጠው በራስህ ቤት፣ የሚያየው አንተው። ኤሪዮ የተባለው ኩባንያ በአንጻሩ ጥቃቅን አንቴናዎችን በራሱ ሕንጻ ደርድሮ ምስሉን ለደንበኞቹ ይልክ ነበርና በ2014 እዚያው ፍርድ ቤት ተረታ። ዕቃው በማን ቤት ተቀመጠ የሚለው ነገር ይህን ያህል ክብደት ነበረው።

አሁን ወደ ሪሞቱ ልመለስ። ሳጥኑ ከሪሲቨሩ ጋር የሚነጋገርበት ሌላ መንገድ አልነበረውምና ራሱን እንደ ሪሞት አድርጎ ነበር የሚያቀርበው። ከጀርባው ቀጭን ሽቦ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል የኢንፍራሬድ አምፖል አለች፤ እሷን ሪሲቨሩ ፊት ላይ ትለጥፋለህ። ስልክህ ላይ ቁልፍ ስትነካ ትእዛዙ ውቅያኖስ አቋርጦ ይደርስና አምፖሏ ለዓይን በማይታይ ብርሃን ብልጭ ትላለች። ሪሲቨሩ ባለቤቱ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ የጫነው ነው የሚመስለው።

የገጠማው ጥበብ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የሪሲቨሩ ዓይን ከጥቁሩ መስታወት ጀርባ ተደብቃለች፤ በባትሪ መብራት አስጠግተህ ካልፈለግሃት አታገኛትም። በአውራ ጣት ስፋት ስተህ ከለጠፍክ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይከዳል። ማጣበቂያው ደግሞ በሪሲቨሩ ሙቀት ይላላል። ደንበኛው ባሕር ማዶ ከሄደ በኋላ አምፖሏ ወድቃ ምንጣፉን ስታበራ ትሰነብታለች፤ እሱ ምስሉን ያያል፣ ቻናሉ ግን ወይ ፍንክች። እኛ ሥራውን ከመጨረሳችን በፊት የስልካችንን ካሜራ ወደ አምፖሏ እናዞራለን፤ ብዙ የስልክ ካሜራዎች ያንን ብርሃን ሐምራዊ አድርገው ያሳያሉ። ሐምራዊው ካልታየ ብልሽቱ ከሳጥኑ ነው፤ ከታየና ሪሲቨሩ ካልሰማ አምፖሏ ያለ ቦታዋ ተለጥፋለች። በ2012 የወጡት 350 እና 500 የተባሉት ሞዴሎች አምፖሉን ሳጥኑ ውስጥ አስገቡት፤ በእውነት ትልቅ እፎይታ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረን የማብሪያ ማጥፊያው ቁልፍ ነው። አብዛኛው ሪሞት ለማብራትም ለማጥፋትም የሚልከው አንዱን ምልክት ነው። ቤት ያለ ሰው መብራቷን አይቶ ያውቃል። ሩቅ ያለው የሚያየው ጥቁር ምስል ነው፤ ሪሲቨሩ ተኝቶ ይሁን፣ ገመዱ ተነቅሎ ይሁን፣ መብራት ጠፍቶ ይሁን አያውቅም። ይጫናል፤ ሪሲቨሩ መነሳት ይጀምራል፤ ምስሉ እስኪደርስ ጥቂት ሴኮንድ ይፈጃልና ሰውየው ያልሠራ መስሎት ይደግማል፤ የነቃውን መልሶ አስተኛው ማለት ነው።

በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ደንበኛዬ በየክረምቱ ታላቅ እህታቸውን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ይሄዱ ነበር። የቅርጫት ኳስ ነፍሳቸው ነው። በዋሽንግተን ከምሽቱ አንድ ሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ እዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናልና ሌሊት ተነስተው ይደውሉልኛል።

«አንተ ልጅ፣ ሪሞቱ ሞቷል!»

«ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ጫኑት?»

«እስኪሰማኝ ድረስ ነዋ!»

«አንዴ ብቻ ይጫኑና እጅዎን ያንሱ። እስከ ሃያ ይቁጠሩ፤ ቶሎ ቶሎ እንዳይቆጥሩ።»

ሲቆጥሩ እሰማቸዋለሁ። አሥራ አምስት ላይ «መጣ!» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ እኔን ማን ያስታውሰኛል። ጋሼ ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ሪሞቱን ሲነኩ ምስሉ ትንሽ የሚደበዝዘው ተበላሽቶ አይደለም። ፕሮግራሙ ትእዛዝ ሲመጣ ለጊዜው ያጠራቀመውን ምስል ቀንሶ፣ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ፣ ለእጅ ቶሎ መልስ ወደሚሰጥበት አሠራር ይገባል። እጅ ሲያርፍ ወደ ጥራቱ ይመለሳል። የሳጥኑ መሐንዲሶች ለዚች ጥቂት ሴኮንድ ምን ያህል እንደተጨነቁ የሚገባው እንዲህ ያለውን ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው።

ስለ ገመዱም ልንገራችሁ። 500 በሚባለው ሞዴል ጀርባ ኤችዲኤምአይ መግቢያ አለ። ደንበኛው አይቶ ይደሰታል፤ እኛ ግን ሌላ ገመድ ከቦርሳ እናወጣለን። ኤችዲኤምአይ ኤችዲሲፒ የሚባል ቁልፍ አለው፤ ሪሲቨሩና ቴሌቪዥኑ በምስጢር ተማምነው ነው ምስል የሚቀባበሉት፤ መሐል የገባ ሳጥን ጥበቃ ያለበት ቻናል ላይ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ የምንገጥመው አሮጌውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ገመድ ነበር። በእሱ የሚያልፍ ምስል ያ ቁልፍ የለበትም። ያ የሦስት ቀለም ገመድ ከአዳዲስ ሪሲቨሮች ጀርባ አንድ በአንድ ሲጠፋ የሳጥኑም ዕድሜ አብሮ ማጠሩን አይተናል።

ኩባንያው ራሱ በ2007 ኤኮስታር ለተባለው የሳተላይት ኩባንያ በ380 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል። በ2009 የአይፎኑ ፕሮግራም ሲወጣ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ በዋይፋይ ብቻ እንዲሠራ አደረገ፤ በሞባይል ኔትወርኩ የፈቀደው በ2010 ነው። ከባዱ ነገር የመጣው በኋላ ነው።

ሳጥኑ ምስሉን በቀጥታ ከቤትህ ወደ ስልክህ ይልካል ብለናል። ግን ስልክህ ቤትህን እንዴት ያገኘዋል? የቤት ኢንተርኔት አድራሻ ይቀያየራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳጥን ረጅም መለያ ቁጥር ነበረው፤ ያንን ይዞ የኩባንያው ሰርቨር ላይ ይመዘገባል፤ ስልክህም መጀመሪያ ሰርቨሩን ይጠይቃል። እንደ ድሮዋ የቴሌ ኦፕሬተር፣ ሰርቨሩ ሁለቱን አገናኝቶ ዞር ይላል። ይህን ስንገጥም ለደንበኛው የምንነግረው አልነበረም፤ ማንም አይጠይቅማ። ውስጡን ለቄስ ተብሎ ታለፈ።

በ2020 ኅዳር ወር ኩባንያው ስሊንግቦክስ ማምረት ማቆሙን፣ ሰርቨሮቹም ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሚዘጉ አስታወቀ። ኅዳር 9 ቀን 2022 ተዘጉ። በዚያ ቀን በየሰዉ ሳሎን የነበሩ ሳጥኖች አንድ ቺፕ አልተቃጠለባቸውም። ምስሉን ይቀበላሉ፣ ይጨምቃሉ፣ አምፖሏም ታዛዥ ናት። የጠፋው አገናኙ ነው። ከልብ የሚቆጨኝ ይህ ነው። የሁለት ዓመት ማስጠንቀቂያ መስጠታቸው ከብዙዎች የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጨረሻ ማሻሻያ አውጥተው፣ ባለቤቱ የቤቱን አድራሻ ራሱ አስገብቶ ያለ ሰርቨር እንዲገናኝ ማድረግ ይገባቸው ነበር። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ዕቃውን ገዝቷል፤ ወርሃዊ ክፍያ የለብህም ተብሎ።

ይህ የሚቻል መሆኑን ያሳዩት በትርፍ ጊዜያቸው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ስሊንገር የተባለ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም አወጡ፤ ቤት ውስጥ ባለ አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ በቀጥታ ከሳጥኑ ጋር ይነጋገራል፣ ምስሉን ያወጣል፣ የሪሞቱንም ትእዛዝ ያደርሳል።

ስለዚህ ዛሬ ሰው የቤቱን ቴሌቪዥን ከሩቅ ለማየት አዲስ ዕቃ ሊገዛ ሲያማክረኝ ከምስሉ ጥራት በፊት የምጠይቀው፣ በማን ሰርቨር በኩል ነው የሚያልፈው የሚለውን ነው። በ2025 ፕሌክስ የተባለው የቤት ፊልም ማሳያ ፕሮግራም እንኳ ሰው የራሱን ፊልም ከቤቱ ውጪ ሆኖ ለማየት ክፍያ እንዲጠየቅ አድርጓል። ለሚችል ሰው የምመክረው ራውተሩ ላይ የራሱን ቪፒኤን እንዲከፍት ነው፤ ስልኩ ቤት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይገባል፣ የዕቃው አምራች ሰርቨር አያስፈልገውም። ሌላው የምፈትሸው ከቤቱ የሚወጣውን የኢንተርኔት ፍጥነት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚለካው የሚገባውን ነው፣ ምስሉ የሚጓዘው ግን በሚወጣው ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ስሊንግቦክስ ያለው ካለ ደግሞ ከመጣሉ በፊት ይደውልልኝ፤ ሲደውል የሞዴሉን ቁጥርና የሳጥኑን የይለፍ ቃል ይያዝልኝ፤ የሦስት ቀለሙን ገመድም ለማንም እንዳይሰጥ።