ከኋላ የምትገፋው ዲኤክስ፤ ቁጠባ ናት ወይስ ፍቅር?

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ መኪና የሚያልቅ ዕቃ መሆኑ ነው። ከሻጩ ግቢ ስትወጣ ዋጋዋ ይወርዳል፣ በየዓመቱ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ብቻ ይቀራታል። ይህንን የጻፉት ሰዎች ጎፋ መጥተው አያውቁም።

እሑድ ጠዋት በጎፋ፣ በሳሪስ ወይም በላፍቶ በኩል ያለፈ ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ኮፈኗ የተከፈተ፣ ማዕዘናማ ቶዮታ ኮሮላ፤ ዙሪያዋን ሦስት አራት ወጣቶች፤ አንዱ ካርቡሬተሩ ላይ ተደፍቶ፣ ሌላው ጋቢና ውስጥ ሆኖ ነዳጅ እየረገጠ። መኪናዋ ከሁሉም በዕድሜ ትበልጣለች። ዋጋዋ ግን በብዙ መቶ ሺሕ ብር ነው የሚጠራው፤ ዓመት በጨመረች ቁጥር ከመርከስ ይልቅ ትወደዳለች። ዲኤክስ ትባላለች። ዲኤክስ ማለት ቶዮታ ለአንድ የኮሮላ ደረጃ የሰጠው፣ "ዴሉክስ" ከሚለው ቃል ያጠረ ምልክት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን የመኪናዋ የክርስትና ስም ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ የዋጋውን ነገር እንጨርስና ወደ ደስታው እንሄዳለን። ዲኤክስ የምትወደደው ሰው ስላበደ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ላይ የሚጣለው ታክስ ከመኪናው ዕድሜ ጋር እያሻቀበ እንዲሄድ አደረገ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር፤ ውጤቱ ደግሞ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና እንዲከበር ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። እንግዲህ አስቡት፦ ተመሳሳይ ዕቃ ከውጭ አይመጣም፣ ቢመጣም ዋጋው እጥፍ ነው፣ ያለው ደግሞ አይበዛም። የአሮጌ ዕቃ ዋጋ የሚወሰነው በዕድሜው ብቻ ሳይሆን እሱን ለመተካት በሚወጣው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ብሩን ባንክ ከማስቀመጥ ዲኤክስ ገዝቶ በር ላይ ያቆመ ጎረቤታችሁ ስሌቱን ሳይማር አውቆታል።

አሁን ወደ መኪናዋ። ዲኤክስ ሁሉ አንድ አይደለችም። በሰው አፍ ይህ ስም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለተሠሩ ኮሮላዎች በጅምላ ይሰጣል፤ በመካከላቸው ግን ትልቅ ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው፣ ኬኢ70 የምትባለው ትውልድ ከኋላ ጎማዋ ነው የምትገፋው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተከተላት ትውልድ የቤት መኪናዎች ደግሞ ከፊት ጎማ የሚጎተቱ ሆኑ። ሻጩ "ያው ዲኤክስ ናት" ቢላችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። ሞተሩ ከፊት ወደ ኋላ ርዝመቱን ተኝቶ፣ ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት በቀጥታ ከተቀመጠ ከኋላ የምትገፋዋ ናት። ሞተሩ ወደ ጎን ተጋድሞ ካያችሁት የፊቷ ናት። አጎንብሳችሁ ከሥር ብታዩም ከካምቢዮ እስከ ኋላ ዲፈረንሻል የሚደርሰው ረጅም ዘንግ አይደበቅም።

ይህ ልዩነት ለምን ያሳስበናል? ከፊት የምትጎተት መኪና የፊት ጎማዎቿ ሁለት ሥራ ደርበው ይሠራሉ፤ ይጎትታሉም፣ ይጠመዝዛሉም። ከኋላ የምትገፋው ላይ ሥራው ይከፋፈላል። የፊቶቹ መንገድ ያሳያሉ፣ የኋላዎቹ ይገፋሉ። መሪው በእጃችሁ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይሰማችኋል። ስትነሡ የመኪናዋ ክብደት ወደ ኋላ ይሄድና የሚገፉትን ጎማዎች አስፋልቱ ላይ ይጫናቸዋል። ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ አቅጣጫዋን በመሪ ብቻ ሳይሆን በነዳጅ መርገጫውም ማስተካከል ትችላላችሁ። የዓለም የስፖርት መኪኖች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የሚሠሩት ለዚህ ነው። በጃፓን ካርቱን ፊልም ዝነኛ የሆነችው ኤኢ86 ኮሮላ የዚችው የዲኤክስ የቅርብ ዘመድ ናት። በአውስትራሊያና በማሌዥያ ኬኢ70 የሚያስሱ ወጣቶች ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ "የአባቴ መኪና" የምንላትን እነሱ የስፖርት መኪና ጀማሪ ትምህርት ቤት አድርገዋታል።

ከዲኤክስ በፊትም ቢሆን ከተማችን ከኋላ ተገፍታ ነው ያደገችው። ቮልስ ሞተሯም ግፊቷም ከኋላ ነበር፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት የድሮ ላዳ ታክሲዎችም ከኋላ ነው የሚገፉት። ስንቶቻችን በክረምት ዳገት ላይ ጭራዋን የምታወዛውዝ ላዳ ውስጥ ሆነን "ቀስ በል!" ብለናል?

ዲኤክስን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው ጉልበቷን ነው። እውነቱን ነው። 4ኬ የሚባለው ሞተሯ 1,290 ሲሲ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣም 60 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያገኘው ከ20 በመቶ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከስልሳው ፈረስ ጎፋ የሚደርሱት ከሃምሳ በታች ናቸው። ሌላም ነገር አለ፦ ካርቡሬተር አየር መሳሳቱን አያውቅም፤ ነዳጁን እንደለመደው ያፈሳል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ፣ ከጭስ ማውጫው የቤንዚን ሽታ ከመጣ ነዳጁ በዝቷል ማለት ነው። አነስ ያለ የነዳጅ ቀዳዳ ማስገባትና የእሳቱን ጊዜ ማስተካከል ከሁሉም የረከሰው "ሞዲፊክ" ነው። ጉልበትም ይጨምራል፣ ነዳጅም ይቆጥባል።

ብዙ ወጣት ግን ከዚህ አይጀምርም። የሚጀምረው ከድምፅ ነው። ማርሚታው ይቆረጣል፣ ሰፈሩ ይነቃል፣ ፈረሱ ግን ያው ነው። ቀጥሎ ሞላው ይቆረጥና መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ ከዚያ የጀሞን ኮብልስቶንና የየሰፈሩን የፍጥነት መቀነሻ እንዴት እንደምታልፍ እሷና ባለቤቷ ያውቃሉ። የተቆረጠ ሞላ ጉብታ ላይ ሲነሣ ከቦታው ሊላቀቅ ይችላል። ትልቅ ቸርኬም እንደዚያው ነው። መኪናዋ የተሠራችው ለ13 ኢንች ቸርኬ ነው፤ 15 ስታደርጉላት፣ ጎማውን በዚያው ልክ ካላሳጠራችሁት፣ ማርሹን ያረዘማችሁባት ያህል ነው። ድሮም የደከመችው ዳገት ላይ ትብስባታለች።

አንድ ብር ያለው ሰው መጀመሪያ የት ያውለው? የእኔ ቅደም ተከተል ይኸ ነው። አንደኛ ፍሬን። ይህች መኪና ኤርባግ የላትም፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ዘመናዊ ፍሬንም የላትም፤ ከኋላ ያለው ታምቡር ፍሬን ነው። ያረጀውን የፍሬን ዘይትና የጎማ ቱቦ መቀየር ለዓይን አይታይም፣ ለጓደኛም አይወራም፤ ነፍስ የሚያተርፈው ግን እሱ ነው። ሁለተኛ ጎማ። አራቱም አንድ ዓይነት፣ ዕድሜያቸው ያላለፈ። የኋላው ካለቀ ከኋላ የምትገፋ መኪና በመጀመሪያው የሰኔ ካፊያ ትዞርባችኋለች። ሦስተኛ የመሪና የእግር ክፍሎች፦ ጎሚኒዎች፣ ኩሽኔታዎች፣ ሾክ አብዞርበሮች። አርባ ዓመት የቆየ ጎሚኒ የተቀየረላት ዲኤክስ አዲስ መኪና የተገዛ ያህል ትለወጣለች። ሞተር አራተኛ ነው።

ሞተር ላይ ስንደርስ ምክንያታዊው መንገድ 5ኬ ነው። ከ4ኬ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ብዙ ሳይቸገር ይገጥማል፤ 1,486 ሲሲ ነው። ፒስተኑ ስለሰፋ ዳገት ላይ ትንፋሽ ይጨምራል፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉም ይችሉታል። ከዚያ በላይ ትልቅ ሞተር ስታስገቡ ግን ወጪው በሞተሩ አያበቃም፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ራዲያተር፣ ፍሬን እያለ ይቀጥላል። ሌላው የማይረሳ ነገር ወረቀቱ ነው። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ሞተር ቀይሮ ዝም ያለ ሰው ቦሎ ሲያድስ ወይም ሲሸጥ ይያዛል። የገዛው ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለው ደግሞ ነገሩ ከመካኒክ ወደ ፖሊስ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚክሱ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ዲኤክስ ቁጠባ ናት ብለናል። የገበያው ገዥ ግን ብሩን የሚያወጣው ለምንድን ነው? "ኦርጅናል" ለሚለው ቃል ነው። ቀለሟ ያልተነካ፣ ፓራፋንጎዋ ያልተቆረጠ፣ ዳሽቦርዷ ያልተሰነጠቀ። ማሻሻያው ላይ ያፈሰሳችሁትን ገዥው አይመልስላችሁም፤ እንዲያውም "ስንት ተጫውታባታል?" ብሎ ይቀንስላችኋል። ስለዚህ ሁለቱን ኪስ አትቀላቅሉ። መኪናዋን የገዛችሁበት ብር ቁጠባ ነው፤ ሞዲፊክ ያደረጋችሁበት ብር ፍጆታ ነው፤ እንደ ሠርግ፣ እንደ ጉዞ። ለደስታ ብር ማውጣት ነውር አይደለም። ነውሩ ደስታን ኢንቨስትመንት ብሎ ለራስ መዋሸት ነው። ደግሞ መሐል መንገድ አለ፦ የሚመለስ ነገር ብቻ ቀይሩ። የአሮጌውን ካርቡሬተር፣ የአሮጌውን ቸርኬና መቀመጫ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላችሁ አልጋ ሥር አስቀምጡ። ብረት አትቁረጡ። ዲፈረንሻሉን በብየዳ ማጣበቅማ ጨርሶ ይቅር፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ሲገደዱ በደረቅ ሜዳ ላይ መንሸራተት ያምራል፣ በእርጥብ አደባባይ ላይ ግን መኪናዋ የሰው አትሆንም።

የመጨረሻውና ከባዱ ጥያቄ፣ ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ የት ይነዳል? መልሱ ብዙ ጊዜ ሌሊት የቀለበት መንገድ ወይም የጎተራ ማሳለጫ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ደግሞ ከሥራ የምትመለስ አስተናጋጅ፣ መንገድ የምትጠርግ እናት፣ ሞተር ሳይክል የያዘ ልጅ አሉ። እነሱ በዚህ ደስታ ውስጥ ድርሻ የላቸውም፤ ዕዳው ግን እነሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ይህንን አይታዋለች። ሶዌቶ ውስጥ ወጣቶች ከኋላ የሚገፋ አሮጌ ቢኤምደብሊው ኢ30 መንገድ ላይ ያሽከረክሩ ነበር፤ ስፒኒንግ ይሉታል። ለዓመታት የወንጀለኛ ጨዋታ ተብሎ ተሰደበ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአገሪቱ የሞተር ስፖርት አካል በይፋ እንደ ስፖርት ተቀበለው። ሜዳ፣ አጥር፣ የራስ ቁር፣ የመግቢያ ትኬት መጣ። ትኬት የተሸጠበት ነገር ታክስም ይከፍላል፣ መካኒክም ይቀጥራል። እኛስ? ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚውል አንድ ሰፊ የተነጠፈ ግቢ፣ አምቡላንስና ደንብ ቢገኝ የሌሊቱ ሩጫ ግማሽ መልስ አገኘ ማለት ነው።

የዲኤክስ ዘመን ያበቃል የሚሉ አሉ፤ ኤሌክትሪክ መጣ እያሉ። ግን በከተማችን የበዙት ፎልክስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ባለ አንድ ሞተሮቹ የሚገፉት ከየት ይመስላችኋል? ከኋላ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታው አይነካውም። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ክረምት ላይ ጭራው ሲወጣ የሚያስተካክልለት ኮምፒዩተር አለው። ዲኤክስ ላይ ኮምፒዩተሩ እናንተ ናችሁ፦ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ፍሬን አለመደንገጥ፣ መሪውን ጭራዋ ወደ ሄደችበት ማዞር። ይህን እጅ የተማረ ሹፌር በየትኛውም መኪና ላይ የተሻለ ሹፌር ነው። ገበያ ዋጋ የማያወጣለት ትርፍ ካለ ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት ዲኤክስ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ማርሚታ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ነገ ጠዋት የፍሬን ዘይቱን አሳዩ።