የማታንሳስ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ

ኩባ በካሪቢያን ባሕር ከሚገኙት ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ናት። ስኳሯና ትምባሆዋ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶም (እ.ኤ.አ.) በርካታ ኢትዮጵያውያን ልጆች ተምረውባታል። ይሁን እንጂ ረጅምና ቀጭን ደሴት በመሆኗ፣ ወንዞቿ ከተራራ ወርደው ብዙም ሳይጓዙ ባሕር ይገባሉ። ስለዚህም ግድብ ተሠርቶበት አገሩን ሁሉ የሚያበራ ትልቅ ወንዝ የላትም። የኤሌክትሪክ ኃይሏን በአብዛኛው የምታገኘው ዘይትና ጋዝ በማንደድ ነው።

ከዋና ከተማዋ ከሀቫና በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በማታንሳስ፣ በባሕሩ ዳር አንድ ትልቅ ጣቢያ ይታያል። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን 330 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የተሰየመው በአንቶንዮ ጊቴራስ ነው። ጊቴራስ እ.ኤ.አ. በ1933 በተቋቋመው መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ የኤሌክትሪክ ዋጋ እንዲቀንስ ያደረገ፣ የአሜሪካኖች ንብረት የነበረውንም የኤሌክትሪክ ኩባንያ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያዋለ ሰው ነበር። በ1935 የተገደለውም እዚያው ማታንሳስ አጠገብ ነው። ስለዚህ ስሙ ለጣቢያው የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

የጣቢያው አሠራር ሲያዩት ውስብስብ ይመስላል እንጂ መሠረቱ እሳት ላይ ከተጣደ ማንቆርቆሪያ የተለየ አይደለም። ወፍራሙ ድፍድፍ ዘይት እንዲቀጥን አስቀድሞ ይሞቃል፤ ከዚያም በትልቅ ምድጃ ውስጥ እንደ ጉም ተረጭቶ ይነድዳል። በምድጃው ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን በተደረደሩት የብረት ቱቦዎች የሚያልፈው ንጹሕ ውኃ ፈልቶ ብርቱ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ የተርባይኑን ክንፎች እየገፋ በደቂቃ 3,600 ጊዜ ያሽከረክራቸዋል፤ በዘንግ ከተርባይኑ ጋር የተያያዘው ጄኔሬተርም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በባሕር ውኃ ኃይል ቀዝቅዞ እንደገና ውኃ ይሆንና ወደ ምድጃው ይመለሳል።

ችግሩ ያለው በነዳጁ ላይ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈረሰች በኋላ ከውጭ የሚመጣው ዘይት ስላነሰ፣ ኩባ ከራሷ ሰሜናዊ ጠረፍ የሚወጣውን ድፍድፍ በብዛት ማንደድ ጀመረች። ይህ ዘይት ድኝ የበዛበት ነው። ድኙ ሲቃጠል የሚፈጠረው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ብረት ይበላል። ቱቦዎቹ ጥቀርሻ ይለብሳሉ፤ እየሳሱም ሄደው ይበሳሉ። አንድ ቱቦ በተበሳ ቁጥር ጣቢያውን ማቆም፣ ምድጃው እስኪበርድ መጠበቅ፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ገብቶ መበየድ ግድ ነው። ጣቢያውን ለብዙ ወራት አቁሞ በሙሉ ማደስ የተሻለ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን አገሪቱ ያለ እርሱ መቆየት ስለሚከብዳት እድሳቱ ሲተላለፍ ኖሯል።

በቫራዴሮና በቦካ ደ ሃሩኮ ያሉት ጣቢያዎች ግን ጋዝ የሚጠቀሙ ናቸው። ቀድሞ ከዘይት ጉድጓድ አብሮ እየወጣ በከንቱ ይቃጠል የነበረው ጋዝ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ድኙ እየተለየ ተርባይን ያዞራል። የሁሉም አቅም አንድ ላይ 500 ሜጋዋት ያህል ነው። ጋዙ ግን የዘይቱ ተከታይ ስለሆነ የጉድጓዶቹ ምርት ሲቀንስ እርሱም ይቀንሳል።

ኤሌክትሪክ እንደ እህል በጎተራ ተከቶ የሚቆይ ነገር አይደለም፤ የሚመነጨውና የሚፈለገው በየቅጽበቱ መመጣጠን አለበት። አንድ ትልቅ ጣቢያ በድንገት ሲቆም ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ እንዳይሰበሩም ራሳቸውን ከመሥመር ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2024 የደረሰው ይኸው ነበር። የነዳጅ እጥረት ቀድሞውንም ስለ ጸና ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ የማታንሳሱ ጣቢያ ቆመ፤ ያን ጊዜ 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር በሙሉ ጨለመች። የውኃ መሳቢያዎች ቆሙ፤ በማቀዝቀዣ ያለው ምግብ ተበላሸ፤ ብዙዎችም በእንጨት ማብሰል ጀመሩ።

እንዲህ ያለውን ጣቢያ እንደገና ማስነሣት ቀላል አይደለም፤ ፓምፖቹና ማራገቢያዎቹ ራሳቸው ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉና። ምድጃው የጠፋባት ሴት ከጎረቤት እሳት እንደምትጭር ሁሉ፣ ትልቁ ጣቢያ ከትንንሾቹ ኃይል መበደር አለበት። ባለሙያዎቹ ትንንሽ የናፍጣ ሞተሮችን አስነሥተው ጥቂት ሰፈሮችን አበሩ፤ የበሩትንም እርስ በርስ እያያያዙ ወደ ጣቢያው ለመድረስ ሞከሩ። የተያያዘው መሥመር ግን ደጋግሞ ወደቀ። ይባስ ብሎ ኦክቶበር 20 ቀን ኦስካር የተባለው ዐውሎ ነፋስ ምሥራቁን የአገሪቱን ክፍል መታ። ለአብዛኛው ሕዝብ መብራት የተመለሰው ኦክቶበር 22 ቀን ገደማ ነው። ዲሴምበር 4 ቀን፣ ገና ሌሊት ሳለ፣ ጣቢያው ዳግመኛ ቆመ፤ የናፍጣ ሞተሮቹም እንደ ገና ተነሡ።