በ11ኛው ሰዓት የሚመጣ ጥሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው፤ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ «እግዚአብሔር ከእኔ የሚፈልገው ሥራ ምን ይሆን?» ብለው መጠየቅ ስለሚጀምሩ ሰዎች ነው። ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆነን የአንድ ሽማግሌ ጥያቄ ነው። እኒህ ሰው ከ30 ዓመት በላይ በጽሕፈት ሥራ አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርበው እንዲህ አሉን፤

«አባታችን፤ ዘመኔን ሁሉ የሰው ወረቀት ስገለብጥ ፈጀሁት። አሁን ልቤ እግዚአብሔርን ማገልገል ይፈልጋል፤ ነገር ግን መሽቶብኛል። ዜማ አልተማርሁ፤ ቅኔ አልቈጠርሁ፤ ክህነት የለኝ። ገዳም ገብቼ ልመንኵስ ብል ደግሞ ባለቤቴ ታማ ተኝታለች። ለእንደኔ ያለው ሰው የቀረ ጥሪ ይኖር ይሆን?»

ይህ የእርሳቸው ጥያቄ ብቻ አይደለም። ልጆቿን አሳድጋ ቤቷ ባዶ የሆነባት እናት ትጠይቀዋለች። የጦር መሣሪያውን አስረክቦ ወደ አገሩ የተመለሰ ወታደር ይጠይቀዋል። በንግድ ደክሞ ሀብት ካገኘ በኋላ በሀብቱ ልቡ ያልረካ ነጋዴም ይጠይቀዋል። ስለዚህ መልሱን ለእኒያ ሽማግሌ ብቻ ሰጥተን ዝም ልንል አልወደድንም።

በመጀመሪያ ጥሪ ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የክርስቲያን ጥሪ በሁለት ወገን ይታያል። አንደኛው ለሁላችን የተሰጠው የጋራ ጥሪ ነው፤ ይኸውም ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን በጥምቀት ከእግዚአብሔር ስንወለድ የተቀበልነው የልጅነትና የቅድስና ጥሪ ነው። ይህን ጥሪ ማንም «ገና አልደረሰኝም» ሊለው አይችልም። ሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዱ ሰው እንደ ተሰጠው ጸጋ የሚያገለግልበት የተለየ ሥራ ነው። ይህኛው ለአንዳንዱ በልጅነት ይገለጥለታል፤ ለሳሙኤል በቤተ መቅደስ እንደ ተገለጠለት ማለት ነው። ለሌላው ግን ጠጕሩ ከሸበተ በኋላ ይገለጥለታል። የዘገየው ጥሪ ከቀደመው ያነሰ አይደለም፤ ጠሪው አንድ ነውና።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 20 የተናገረውን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። የወይኑ አትክልት ባለቤት ማልዶ ወጥቶ ሠራተኞች ቀጠረ። ከዚያም በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት እየወጣ ሌሎችን ጨመረ። በመጨረሻ በ11 ሰዓት ወጣና ሥራ ፈትተው የቆሙ ሰዎች አገኘ። በዚህ ምሳሌ ያለው የሰዓት አቈጣጠር ከአገራችን አቈጣጠር ጋር አንድ ስለ ሆነ፣ 11 ሰዓት ምን እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቷታል፤ ገበሬው ጥማዱን ሊፈታ፣ እረኛው ከብቱን ወደ ቤት ሊነዳ የሚሰናዳበት ጊዜ ነው። በዚህ ሰዓት ሠራተኛ ፍለጋ ወደ ገበያ የሚወጣ ባለቤት በሰው ዘንድ አይገኝም። እግዚአብሔር ግን ይወጣል።

ባለቤቱ እነዚያን ሰዎች ለምን እንደ ቆሙ ሲጠይቃቸው፣ የቀጠራቸው ሰው እንዳልነበረ መለሱ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። እነርሱ በ3 ሰዓት ተጠርተው «ቈይተን እንመጣለን» ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ ጥሪውን በሰሙ ጊዜ ወዲያው ሄዱ። ስለዚህ ይህ ምሳሌ ለዘገየው ሰው መጽናኛ ነው እንጂ፣ አውቆ ለሚያዘገየው ሰው መተማመኛ አይደለም። ዛሬ የሰማውን ጥሪ ለእርጅናው የሚያቈየው ሰው እርጅናን እንደሚያገኝ ማን ነገረው?

አሁን ደግሞ ዘግይተው ከተጠሩት ቅዱሳን ጥቂቶቹን እናንሣ። አብርሃም ከካራን ሲወጣ ዕድሜው 75 ዓመት ነበር። ነቢይት ሐና ሕፃኑን ጌታ በቤተ መቅደስ አይታ ስለ እርሱ ለሌሎች ስትናገር የ84 ዓመት መበለት እንደ ነበረች ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል። ሙሴም በፈርዖን ፊት ሲቆም የ80 ዓመት ሰው ነበር።

የሙሴ ነገር ጥቂት ልንቈይበት ይገባል። እርሱ በ40 ዓመቱ ወገኖቹን ሊረዳ ተነሥቶ ነበር፤ ግን በገዛ ኀይሉ ስለ ተነሣ አንድ ግብፃዊ ገድሎ ተሰደደ። ከዚያ በኋላ በምድያም ምድር የአማቱን የዮቶርን በጎች ሲጠብቅ ሌላ 40 ዓመት አለፈ። በሰው ዐይን ሲታይ ይህ የጠፋ ዘመን ነው፤ በቤተ መንግሥት ያደገ ሰው በምድረ በዳ እረኛ ሆኖ አረጀ። ዳሩ ግን እግዚአብሔር በቍጥቋጦው ውስጥ በተገለጠለት ጊዜ የጠየቀው በእጁ ስለ ያዛት በትር ነበር። የእረኛ በትር ባሕር የተከፈለባት በትር ሆነች። በጎቹን እየመራ የተመላለሰበት ምድረ በዳም በኋላ ሕዝቡን የመራበት ሆነ። አፈ ኰልታፋ ነኝ ብሎ ባመካኘም ጊዜ፣ ከእርሱ በ3 ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ አሮን አፍ ሆነለት። እንግዲህ እግዚአብሔር ያለፈውን ዘመናችንን ይጠቀምበታል እንጂ አይጥለውም።

ይህንኑ በገዛ አገራችን ታሪክ በግልጥ እናየዋለን። በ4ኛው መቶ ዘመን ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ልጆች ይዞ በቀይ ባሕር በኩል ሲጓዝ፣ መርከባቸው ወደ ወደብ በተጠጋች ጊዜ የአገሩ ሰዎች ተነሥተው ሰዎቹን ገደሉ። ሁለቱን ልጆች ግን ከዛፍ ጥላ በታች ሲያጠኑ ስላገኟቸው ራርተውላቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስም ብልህ ስለ ነበረ የንጉሡን ገንዘብና ጽሕፈት እንዲጠብቅ ተሾመ። ንጉሡ ሲሞት ነጻ ለቀቃቸው፤ ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን እንዲያግዟት ለመነቻቸው፤ እነርሱም እሺ ብለው ቈዩ። በዚህ ጊዜ ፍሬምናጦስ ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ የጸሎት ቤት እንዲሠሩ ይረዳቸው ነበር።

ልጁ አድጎ መንግሥቱን በተረከበ ጊዜ ሁለቱ ለመሄድ ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ሄደ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለሊቀ ጳጳሱ ለቅዱስ አትናቴዎስ፣ በዚያ አገር ብዙ ክርስቲያኖች ስላሉ ጳጳስ እንዲልክላቸው ነገረው። ራሱን አላቀረበም፤ ሌላ ሰው ሊለምን ነበር የሄደው። ቅዱስ አትናቴዎስ ግን ከአባቶች ጋር ከተማከረ በኋላ፣ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የሚሻል ሰው እንደማይገኝ ተናግሮ እርሱኑ ጳጳስ አድርጎ መልሶ ላከው። ይህን ታሪክ ሩፊኖስ የተባለ ጸሓፊ ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ ሰምቶ ጽፎታል። እኛም ፍሬምናጦስን «አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን» ብለን እናከብረዋለን። በንጉሥ ኢዛና ዘመንም በአክሱም ገንዘብ ላይ ይቀረጽ የነበረው የጨረቃ ምልክት ቀርቶ በስፍራው መስቀል ተቀረጸ።

እስኪ አስተውሉ። ፍሬምናጦስ በምርኮ ሳለ የአገሩን ቋንቋ ለመደ፤ የሰዉን ጠባይ ዐወቀ፤ ሒሳብና ጽሕፈት በመጠበቅ ታማኝነቱን አስመሰከረ። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ የባዕድ ሎሌነት ይመስለው ነበር ይሆናል። ጥሪው በተገለጠ ጊዜ ግን፣ ለወንጌል ሥራ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት እንዳልነበረ ታወቀ።

«እኔ የጠፋብኝ ዘመን በሎሌነት ሳይሆን በኀጢአት ነው» የሚል ቢኖር ደግሞ ሙሴ ጸሊምን ያስብ። ሙሴ ጸሊም የሽፍቶች አለቃ ነበር፤ በኋላ ግን ንስሓ ገብቶ በግብፅ በአስቄጥስ ገዳም መነኵሴ፣ ቈይቶም ቄስ ሆነ። በዓሉንም ሰኔ 24 ቀን እናከብራለን። አንድ ወንድም በድሎ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት በተሰበሰቡ ጊዜ፣ አባ ሙሴ የሚያፈስ ማድጋ ውሃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁት፣ የራሱ ኀጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው፤ እነርሱም ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት። ያለፈ በደሉ ለሌላው የሚራራበት ትምህርት ሆነለት ማለት ነው።

ምእመናን፤ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ከባድ ጥያቄ፣ በልባችን የተነሣው አሳብ የእግዚአብሔር ጥሪ መሆኑን በምን እናውቃለን የሚለው ነው። ልብ ያሰበው ሁሉ ጥሪ አይደለምና። ስለዚህ አራት መመዘኛዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፤ እውነተኛ ጥሪ ከትእዛዘ እግዚአብሔር ጋር አይጣላም። ቤተ ሰቡን ያልረዳ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል። ጌታችንም ለአባትና ለእናት የሚገባውን ርዳታ ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ እያሉ የሚከለክሉትን ነቅፏል። ምንኵስና ታላቅ ጸጋ ነው፤ አፄ ካሌብ እንኳ ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ዘምቶ ድል ካደረገ በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ መነኰሰ የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ይነግረናል። ዳሩ ግን የታመመች ሚስትን ጥሎ የሚለበስ ቆብ ከሸክም መሸሻ እንጂ ምንኵስና ሊባል አይችልም።

ሁለተኛ፤ እውነተኛ ጥሪ ይጸናል። በአንድ ስብከት ተቀስቅሶ በሳምንቱ የሚበርድ ስሜት ገና ጥሪ አይባልም። በጾምና በጸሎት ሲመረመር እየጠራ የሚሄደውን አሳብ ግን ልንይዘው ይገባል።

ሦስተኛ፤ እውነተኛ ጥሪ በሌላው ይመሰከራል። ፍሬምናጦስን ጳጳስነት የሚገባው መሆኑን የተናገረለት ቅዱስ አትናቴዎስ ነው እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም። ስለዚህ አሳባችንን ለነፍስ አባታችን እንግለጥ፤ የሚነግሩንም ከፈቃዳችን ጋር ባይስማማ እንኳ እንስማ።

አራተኛ፤ እውነተኛ ጥሪ ለባልንጀራ ይጠቅማል። ሥራው የሚያስገኝልን የሰው ምስጋና ብቻ ከሆነ እንጠራጠረው። የተራበ የሚጠግብበት፣ ያዘነ የሚጽናናበት፣ ያላወቀ የሚማርበት ከሆነ ግን እንቅረበው።

አሁን ወደ እኒያ ሽማግሌ ጥያቄ እንመለስ። እኛም፣ «በእጅዎ ያለው ምንድር ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «ከብዕር በቀር ምን አለኝ!» አሉን። «እንግዲያውስ ባለቤትዎን አይለዩ፤ አሁን ገዳምዎ የእርሳቸው አልጋ አጠገብ ነው። ብዕርዎንም አይጣሉት» አልናቸው። ፊታቸው አልበራም፤ ከዚህ የበለጠ ነገር ጠብቀው ነበርና እያዘኑ ሄዱ። ከወራት በኋላ ግን ተመልሰው መጡና የሆነውን አጫወቱን። አንዲት ጎረቤታቸው መበለት፣ ባልዋ ስለ ተወላት ቤት ክርክር ገጥሟት ማመልከቻ የሚጽፍላት አጥታ ስታለቅስ አግኝተዋት ጻፉላት። እርሷ ለሌላዋ ነገረች፤ ያችም ለሌላው። አሁን ጧት ጧት ባለቤታቸውን አጥበውና መግበው ከጨረሱ በኋላ፣ በደጃቸው ተቀምጠው ገንዘብ ለሌለው ሁሉ በነጻ ይጽፋሉ። «ሠላሳ ዓመት የተማርሁት ለዚህ ኖሯል» አሉን። ገዳም የመግባት ምኞታቸው እንዳልጠፋ፣ ነገር ግን ጊዜውን ለእግዚአብሔር እንደ ተዉለት ጨምረው ነገሩን።

ስለዚህ ክቡራን ምእመናን፤ ከእናንተ መካከል «መሽቶብኛል» የሚል ቢኖር፣ ባለቤቱ በ11 ሰዓትም እንደሚወጣ ያስብ። ዛሬ ማታ ከጸሎት በኋላ በእጁ ያለው ምን እንደ ሆነ ይመርምር። ፊደል የሚያውቅ የማያውቀውን ያስቈጥር፤ ጕልበት ያለው ለደካማው ውሃ ይቅዳ፤ ጕልበትም ሀብትም የሌለው በአልጋው ላይ ሆኖ ስለ ሌላው ይጸልይ። የቀረው ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ቸር ስለ ሆነ ደመወዙን ሙሉ አድርጎ ይሰጠናል።

ዘመናችንን በከንቱ ከማሳለፍ ጠብቆ፣ በጠራን ጊዜ ፈጥነን የምንነሣ አገልጋዮች ያደርገን ዘንድ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የጻድቃን የሰማዕታት ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ለእግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።