መጣል ሳይሆን ማውረድ፦ በካምደን ጠባብ ጓሮዎች ግዙፍ ዛፎች እንዴት ይነሣሉ?

በሰሜን ለንደን በካምደን ከሚገኙት መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የታነጹ ናቸው። በፊታቸው መንገድ፣ በጀርባቸው ደግሞ በጡብ አጥር የታጠረ ጠባብ ጓሮ አላቸው። ለብዙዎቹ ወደ ጓሮው መግቢያ ሆኖ የሚያገለግለው የቤቱ ኮሪደር ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከጣራው በላይ የበቀለ ዛፍ ሲታመም ወይም ሲደርቅ፣ የቤቱ ባለቤት ከከባድ ጥያቄ ጋር ይፋጠጣል። ሃያ ሜትር የሚረዝም ዛፍ ለመውደቅ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ክፍት ሜዳ ይሻል፤ ጓሮው ግን አሥር ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ዛፉን እንዳለ መተውም ሁልጊዜ አማራጭ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1987 ደቡባዊ እንግሊዝን የመታው ማዕበል በአንድ ሌሊት 15 ሚሊዮን ያህል ዛፎችን እንደጣለ ይገመታል፤ በብሪታንያ የ18 ሰዎች ሕይወትም አልፏል። ስለዚህ በጠባብ ስፍራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ዛፉን አይጥሉትም፤ ከጫፉ ጀምረው ቁራጭ በቁራጭ ወደ መሬት ያወርዱታል እንጂ።

ከመጋዙ በፊት ምርመራ

ሥራው የሚጀምረው በመጋዝ ሳይሆን በምርመራ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ሕይወቱን የሚያስረው ሊቆርጠው በመጣው ዛፍ ላይ ነውና፣ የግንዱ ጥንካሬ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ባለሙያው ከግንዱ ሥር የፈንገስ እድገት መኖሩን ይመለከታል፤ ግንዱን በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ባዶ የሆነ ግንድ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ጥርጣሬ ሲኖር በቀጭን መሰርሰሪያ የእንጨቱ ጥንካሬ ይለካል፣ ወይም የድምፅ ሞገድ በግንዱ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ይመዘገባል፤ የበሰበሰ እንጨት ሞገዱን ያዘገየዋልና።

ሁሉም ዛፍ አይወጣበትም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የተረጋገጠው የአሽ ዛፍ አድራቂ በሽታ እንጨቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። በእንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ገመድ አስሮ መውጣት በሞት መጫወት ነው። ስለሆነም ሠራተኛው ሰው በሚያነሣ ተሽከርካሪ ማሽን ላይ ሆኖ ከዛፉ ሳይታሰር ይሠራል፤ ማሽኑ የማይገባበት ከሆነ ደግሞ በመንገዱ ላይ የሚቆም ክሬን ቁራጮቹን በቤቱ ጣራ ላይ ያሻግራል።

አደጋው ከክብደቱ ይልቅ በእንቅስቃሴው ላይ ነው

የእርጥብ እንጨት ክብደት በመጠን ከሚስተካከለው ውኃ ክብደት ብዙም አይርቅም። አንድ ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉማጅ 280 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህ ጉማጅ በገመድ ታስሮ ሁለት ሜትር ከወደቀ በኋላ በግማሽ ሜትር ውስጥ ድንገት ቢያዝ፣ በገመዱ ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል የክብደቱን አምስት እጥፍ፣ ማለትም 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጭነት የሚያሳርፈውን ያህል ይሆናል። ገመዱ የሚያልፍበት መዘውር ከግንዱ ጋር የታሰረ በመሆኑና የገመዱ ሁለቱም ጎኖች ወደ ታች ስለሚስቡት፣ በግንዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል የዚህን እጥፍ ሊቃረብ ይችላል። ቆራጩም የታሰረው በዚያው ግንድ ላይ ነው።

መፍትሔው ገመዱን ማጠንከር ብቻ አይደለም። መሬት ላይ ያለው ረዳት ጉማጁን ድንገት ከመያዝ ይልቅ ገመዱን እየለቀቀ ቀስ በቀስ ያቆመዋል። በግማሽ ሜትር ፈንታ በሁለት ሜትር ውስጥ ቢያቆመው፣ አምስት እጥፍ የነበረው ኃይል ወደ ሁለት እጥፍ ይወርዳል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ክብደት የሚቆጣጠረው በፍትጊያ ኃይል ነው። ገመዱ ከግንዱ ሥር በታሰረ የብረት ቱቦ ላይ ይጠመጠማል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር እንዳስረዳው፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር የመያዝ አቅሙን በብዜት ያሳድገዋል። የፍትጊያው መጠን 0.25 ነው ብለን ብናሰላ፣ ሁለት ዙር ብቻ 280 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ጉማጅ 12 ኪሎ ግራም በሚያህል ጉልበት አንጠልጥሎ ለማቆየት ያስችላል።

ለዚህ ሥራ የሚታዘዘው ጥንቃቄም ከዚሁ ይመነጫል። በሞተር መጋዝ የሚቆርጠው ሰው በሁለት የተለያዩ መያዣዎች ይታሰራል። ሰው የሚሸከሙ መሣሪያዎች በየስድስት ወሩ በባለሙያ ይፈተሻሉ። አደጋ ቢደርስ ወደ ላይ ወጥቶ ቆራጩን ማውረድ የሚችል ሌላ ሰው ከሥር ይጠብቃል፤ ቁራጭ በሚወርድበት ክልል ግን ማንም አይቆምም።

ከመሬት በታች ያለው ጉዳይ

ዛፉ ከወረደ በኋላም ነገሩ አያበቃም። ለንደን የተቆረቆረችበት አፈር በአብዛኛው ጭቃማ ነው፤ እንደ አገራችን ዋልካ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲርስ ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ1976 በደረሰው ድርቅ የዛፎች ሥር የቀረውን እርጥበት በመምጠጡ ብዙ ቤቶች ተሰነጣጥቀዋል። የዚህ ተቃራኒም አለ፦ ለዘመናት ውኃ ሲመጥ የኖረ ዛፍ ሲነሣ አፈሩ እርጥበቱን እየመለሰ ያብጣል፤ መሠረቱንም ወደ ላይ ይገፋል። በተለይ ዛፉ ቤቱን በዕድሜ የሚቀድመው ከሆነ ሥጋቱ ይበረታል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ከማንሣት ይልቅ ቅርንጫፎቹን ቀንሶ ማቆየት ይመረጣል።

የሕግ ገደብ

ዛፉ በግል ጓሮ ቢበቅልም ጉዳዩ የግል ብቻ አይደለም። የ1990ው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ለተመረጡ ዛፎች ጥበቃ ያደርጋል። በርካታ የካምደን ሰፈሮች በታሪካዊ ቅርስነት የተከለሉ ሲሆኑ፣ በእነዚህ ክልሎች ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ከ75 ሚሊ ሜትር የበለጠ ውፍረት ያለውን ዛፍ ለመቁረጥ የሚሻ ሰው በመርሕ ደረጃ ከስድስት ሳምንት በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። የወፍ ጎጆና የሌሊት ወፍ ማደሪያም በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ዛፍ ለካምደን ነዋሪዎች ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ክስተት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ የፈጣን ባቡር ግንባታን የተቃወሙ ሰዎች በዩስተን አደባባይ መናፈሻ ሥር ዋሻ ቆፍረው ለሳምንታት ተቀምጠዋል።

ለአገራችን የሚኖረው ትምህርት

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ በቆርቆሮ ጣራዎችና በኤሌክትሪክ ሽቦዎች መካከል የቆመ ረጅም ዛፍ ለከተማዋ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። በየግቢው ግንዱን ከሥሩ ቆርጦ በገመድ መጎተትም የተለመደ ነው። ክሬኑና የብረት ቱቦው በየሰፈሩ ላይገኙ ይችላሉ፤ ከካምደን ሊወሰዱ የሚችሉት ልማዶች ግን ገንዘብ አይጠይቁም፦ ከመውጣት በፊት ግንዱን መመርመር፣ ሽቦ በአቅራቢያ ካለ ኃይሉ እስኪቋረጥ አለመንካት፣ ከላይ ጀምሮ በትንንሹ መቁረጥ፣ ከሥርም ሰው እንዳይቆም መከልከል። የመሬት ስበት በለንደንም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ የሚጫወተው የጎረቤት ልጅም በሁለቱም ከተሞች አለ።