ሐኪም ፊት የምንፈልጋት ትንሿ እንግሊዝኛ
(ከሬዲዮ የጤና ትምህርታችን የተወሰደ)

ይህ ትምህርት በሬዲዮ ከተላለፈ በኋላ «ቃላቱ አመለጡን፣ በወረቀት ይሰጠን» ብላችሁ ስለጠየቃችሁ እነሆ አትመነዋል።

ካኩማ ካምፕ በፈረንጆች 1992 ከተቋቋመ ጀምሮ እዚህ የማይሰማ ቋንቋ የለም ማለት ይቻላል። ክሊኒክ ስንገባ ግን ካርዱም፣ የላቦራቶሪ ወረቀቱም፣ የመድኃኒቱ ፖስታም በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። ብዙዎቻችሁ «እኔ ተምሬ አልጨረስኩም፣ እንግሊዝኛ አይሆንልኝም» ትላላችሁ። ሐኪም ፊት የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ጥቂት ነው። የሚጎዳን ያላወቅነው ቃል ብቻ አይደለም፤ አውቀነዋል ብለን ከአማርኛ ቀጥታ የምንገለብጠውም ነው።

ለምሳሌ ብርድን እንውሰድ። ወባ የያዘው ሰው «ብርድ ብርድ ይለኛል» ይላል። ይህንን ገልብጦ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ካለ ሐኪሙ የሚረዳው ጉንፋን ይዞታል ብሎ ነው። ስለ አፍንጫውና ስለ ሳሉ ይጠይቀዋል፤ የወባው ነገር ሊዘነጋ ይችላል። የሚያንቀጠቅጣችሁ ከሆነ «አይ አም ሺቨሪንግ» በሉ። ትኩሳት «ፊቨር» ነው። ከጀመራችሁ ሦስት ቀን ከሆነ «ፊቨር፣ ስሪ ዴይስ» ማለት ይበቃል። ሰዋስው የሚያርም ሐኪም እስካሁን አላየሁም።

«ደም ብዛት»ም እንደዚሁ ነው። «ማች ብለድ» ብትሉ የሚደማ ቦታ ይፈለግባችኋል። «ሃይ ብለድ ፕሬሸር» ነው የሚባለው፤ እዚህ አገር «ፕሬሸር» ብቻ ብትሉም ይገባቸዋል። «ድርቀት» የምንለው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። ሰገራ አልወጣ ሲል «ኮንስቲፔሽን» ይባላል። ሕፃን ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ ሲጎደጉድ፣ ሲያለቅስ እንባ ሲያጣ፣ ሽንቱ ሲያንስ ግን «ዲሃይድሬሽን» ነው፤ ይህኛው ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። «ምች መታኝ» ለሚለው እንግሊዝኛ አትፈልጉ። ምን እንደሚሰማችሁ ተናገሩ፦ ራስ ምታት ነው? ትኩሳት ነው? ከንፈራችሁ ቆስሏል?

እናቶች ከሌላው ሁሉ በፊት እነዚህን አራት ያዙልኝ። ሕፃኑ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው «ኖት ድሪንኪንግ»፣ የቀመሰውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ «ቮሚቲንግ ኤቭሪቲንግ»፣ ካንቀጠቀጠው «ኮንቨልሽን»፣ ከፈዘዘና አልነቃ ካለ «ኖት ዌኪንግ አፕ»። ከአራቱ አንዱን ካያችሁ ወረፋ አትጠብቁ። በር ላይ ለሚቆመው ሰው ጮክ ብላችሁ ንገሩት።

አሁን ወደ ሰዓት ልምጣ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። የነርስ ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የስኳር ሕመም ላለባቸው አንድ አባት አስተረጎምኩ። በማግስቱ ምግብ ሳይበሉ ለደም ምርመራ «አት ኤይት» እንዲመጡ ታዘዘ። እኔም በጥድፊያ «ስምንት ሰዓት ይምጡ፣ ምንም እንዳይቀምሱ» አልኳቸው። ፈረንጁ 8 የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አፌ ቀደመኝ። እኚህ አባት ከማታ ጀምረው ጾማቸውን ውለው በዚህ ፀሐይ በእግራቸው መጥተው ስምንት ሰዓት ላይ በር ላይ ወደቁ። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ደግነቱ ቶሎ ስኳር በውሃ ተሰጣቸውና ነቁ። አልተቆጡኝም፤ «ልጄ፣ ያልሽኝን ሰዓት ነው የጠበቅሁት» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሰዓት ሲነገራችሁ ስድስት ቀንሱ፤ ከስድስት የማይበልጥ ከሆነ ስድስት ጨምሩ። 8 ሲሉ ሁለት፣ 2 ሲሉ ስምንት ነው። ኬንያውያን በስዋሂሊ ሲናገሩ እንደ እኛ ስለሚቆጥሩ (ሳ ምቢሊ ሁለት ሰዓት ነው) ነገሩ ይደባለቃል። በየትኛው ቋንቋ እንደተነገራችሁ ልብ በሉ፤ ከተጠራጠራችሁ «ሞርኒንግ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጠሮ ላይ 12/3 ተብሎ ቢጻፍ ኅዳር 12 አይደለም፤ የፈረንጅ ማርች 12፣ ማለትም መጋቢት 3 ነው። መድኃኒት ላይ «ኢ ኤክስ ፒ» ከሚለው አጠገብ ያለው የሚያበቃበት ጊዜ ሲሆን እሱም በፈረንጅ ነው። 2025 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ ያስቀመጠ ሰው ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ነው የያዘው።

የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ 1×3 የሚል ካያችሁ ሒሳብ አይደለም። አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው። 2×3 ደግሞ ሁለት ሁለት ፍሬ ሦስት ጊዜ እንጂ ስድስቱን ባንዴ አይደለም። በቀን ሦስት ጊዜ ሲባል በየስምንት ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይመቻል። አንዳንዴ በፊደል ይጻፋል፤ «ኦ ዲ» በቀን አንዴ፣ «ቢ ዲ» ሁለቴ፣ «ቲ ዲ ኤስ» ሦስቴ ነው። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ አር ኤስ አንዳንዱ በአንድ ሊትር፣ አንዳንዱ በግማሽ ሊትር የሚበጠበጥ ስለሆነ ፓኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር አስነብቡ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የለመዱ ልጆቻችንን አስተርጓሚ አድርገን የመውሰድ ልማድ አለን። ለቀጠሮ ቀን ይሁን፤ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ማኅፀን ወይም ስለ አባቱ ኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲናገር ማድረግ ልጁንም ይጎዳል፣ እናቲቱም ዋናውን ነገር ትደብቃለች። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ብላችሁ ጠይቁ። ሴቶች ሴት አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ «ውመን» ብላችሁ ጨምሩ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። እኛ ለትልቅ ሰውና ለሐኪም አክብሮት «እሺ» እንላለን፣ ባይገባንም። ደግሞም «መድኃኒት አይስማማህም የሚባል የለም አይደል?» ተብለን «አዎ» ስንል የለም ማለታችን ነው፤ በእንግሊዝኛ «የስ» ስንል ግን አለ ማለት ይሆናል። ስለዚህ «የስ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። «ኖ አለርጂ» ብላችሁ ጨርሱት፤ የማይስማማችሁ ካለም የመድኃኒቱን ስም ጥሩ። ፋርማሲ መስኮት ላይ ደግሞ ፖስታውን በጣታችሁ እያሳያችሁ «ዋን ታብሌት፣ ስሪ ታይምስ?» ብላችሁ የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩት። ከተሳሳታችሁ እዚያው ያርማችኋል።

በሚቀጥለው ዝግጅት የወር አበባንና እርግዝናን የሚመለከቱ ቃላት እናያለን። እቤት ያሉ የመድኃኒት ፖስታዎችን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያው ብትመጡ አብረን እናነባለን።